ወራሪውን ዓሣ ለመውጋት ሥልጠናውን ማን ይክፈል?

በፍሎሪዳና በካሪቢያን ባሕር አንበሳ ዓሣ የተባለውን ወራሪ ዓሣ በጦር እየወጉ የሚይዙ ጠላቂ ዋናተኞች ለሥልጠናው ከኪሳቸው መክፈላቸው ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሲያመላልሰኝ ሰንብቷል። ቀይ ባሕርን ጨምሮ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ የሆነው ይህ ዓሣ (ለእኛስ ጎረቤት ነው) በፍሎሪዳ ጠረፍ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ በቤታቸው ገንዳ ያኖሩት የነበሩ ሰዎች ወደ ባሕር እንደለቀቁት ይታመናል። የሚገታው አዳኝ እምብዛም በሌለበት በዚያ ባሕር አንዲት እንስት በዓመት 2 ሚሊዮን ያህል እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ ኮራል በተባለው ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጡር ዙሪያ የሚኖሩትን ትንንሽ ዓሦች እየዋጠ ተስፋፍቷል። መንጠቆ ብዙም ስለማይዘው ደግሞ ሰው ጠልቆ በጦር ሊወጋው ግድ ነው።

ሥልጠናው ቅንጦት አይደለም። 18 መርዛም እሾሆች ያሉትን ዓሣ እጅን ሳያስነኩ፣ ኮራሉንም ሳይሰብሩ ወግቶ መያዣ ውስጥ ማስገባት፣ ከተወጉም ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ መንከር እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። አሠልጣኙም ለጊዜውና ለጀልባው ሊከፈለው ይገባል።

ይሁን እንጂ ጠላቂው የሚሠራው የሕዝብ ሥራ ነው። ፍሎሪዳም ይህን ተገንዝባ ይመስለኛል፣ ዓሣውን በእጅ ጦር ወይም በእጅ መረብ ለሚይዝ ሰው የማጥመጃ ፈቃድ የማትጠይቀው፤ የቁጥር ገደብም አላበጀችም። ስለዚህ የጥንቃቄው ትምህርት በመንግሥት ወጪ ቢሰጥ፣ የምስክር ወረቀት የሚሻ ግን ቢከፍል እመርጣለሁ።