በሽቦ የታሰረው ክዳን

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የሰው ሀብት ክፍል። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጠዋት በሰርቪስ ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። አሁንም እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በተለይ ጉም ሲሆን፣ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል።

ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ የአንድ ወጣት ሠራተኛ እጅ ቺንጋ ውስጥ ገባ። ሁለት ጣቶቹ ከጫፋቸው ተቆረጡ። ጠዋት ስደርስ የፈረቃ ኃላፊው የአደጋ ሪፖርቱን ይዞ በር ላይ ይጠብቀኛል። ሁለት ገጽ፣ አንድ የፊደል ግድፈት የሌለበት። ሌሊቱን አልተኛም፣ እጅጌው ላይ ደም ደርቋል። "ጋሼ፣ ጨርሼዋለሁ" አለኝ። ገረፍ ገረፍ አድርጌ አይቼ ልፈርም ስል አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ቆመ።

"ሠራተኛው ተገቢውን የእጅ ጓንት ባለመጠቀሙና የደኅንነት መመሪያዎችን ባለመተግበሩ አደጋው ሊከሰት ችሏል" ይላል።

እዚያ ማሽን ላይ ጓንት ክልክል ነው። የሚሽከረከር ቺንጋ ጓንት ካገኘ ጨርቁን ይይዝና እጅን ይዞት ይገባል፤ በጣት የሚያልቀው ክንድ ድረስ ይሄዳል። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ይሄ ነው። የሚነግረውም ይሄው የፈረቃ ኃላፊ ነው።

"ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ለቻትጂፒቲ፣ ለዚያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሚሰጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የጻፈለት እንዲህ ነበር፦ "ሌሊት 8 ሰዓት ግድም ቺንጋው ወጣ። ልጁ ሊመልሰው ሲል እጁን ያዘው። የክዳኑ ብሎን ከጠፋ ቆይቷል፣ በሽቦ አስረነው ነው የምንሠራው። ለጥገና ሁለቴ ተናግሬያለሁ።" ከሥሩ "አሳምረህ ሪፖርት አድርግልኝ" የሚል አለ።

ሁለቱን ገጽ እንደገና አነበብኩ። ሽቦው የለም። ብሎኑ የለም። ሁለቴ መናገሩም የለም። በምትኩ "አንዳንድ ቴክኒካዊ ክፍተቶች" ይላል፣ "ቅንጅታዊ አሠራርን ማጎልበት" ይላል። ማንም ያላለው ጓንት ግን ገብቷል።

ቀላል ነገር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ በራሱ ላይ ጉዳት አደረሰ ከተባለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የልጁን ካሳ ልታስቀር ትችል ነበር። ኃላፊው ይሄን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "የኔ አማርኛ ለቢሮ አይሆንም ብዬ እኮ ነው ጋሼ" አለኝ።

ከሁሉም ይሄ አንገበገበኝ። የሱ አራት መስመር ሰዓቱን፣ ምክንያቱንና ማን ምን እንደሠራ ይናገራል። ለቢሮ የማይሆን ያደረገው ማነው? እኛው ነን። ለዓመታት "ተከስቷል"፣ "ተስተውሏል"፣ "ግንዛቤ ተፈጥሯል" እያልን፣ አድራጊ የሌለው አማርኛ ስንጽፍ ኖረን፣ ቻትጂፒቲ ያንኑ ተምሮ መለሰልን። እሱ እዚያ ሌሊት አልነበረም። ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ነው የሚጽፈው፤ አደጋ ሲባል ጓንትና ቸልተኝነት ቢከተሉ አይገርምም። ኅዳር 2015 ከወጣ ወዲህ ማመልከቻውም፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱም፣ የሐዘን መግለጫው ሳይቀር አንድ ሰው የጻፈው እየመሰለ ነው። ያ ሲሆን ተናድጄ አልፋለሁ። የሰው እጅ ሲሆን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ሁለቱንም ይዤ ወደ አለቃዬ ገባሁ። "የታይፑ ይሻላል፣ ደረጃውን የጠበቀ ነው" አለኝ። ጓንቱን አሳየሁት። "እሱን ብቻ አውጣው" አለ። ሽቦውስ ስለው ወደ መስኮቱ ዞረ። ስለ ሽቦው ማንም መጻፍ አይፈልግም፤ ሽቦ ስም አለው፣ ያሰረው ሰው አለ፣ ብሎን ያልገዛ ሰው አለ። "ቴክኒካዊ ክፍተት" ግን የማንም አይደለም። ረጅም ተከራከርን። እኔ የምፈርመው ኃላፊው በእጁ የጻፈውን ነው አልኩ፣ በዚያም ጸናሁ። በመጨረሻ አራቱ መስመሮች በእጅ ተጽፈው፣ የሱና የኔ ፊርማ አርፎባቸው ወደ ኢንሹራንስ ሄዱ። አሁን ማንኛውም አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምቀበለው በእጅ የተጻፈውን ቃል ነው። ፊደል ቢሳሳትም ይሳሳት።

ቅዳሜ ልጁን ልጠይቅ ሄድኩ። ደሴ ነው የተኛው። እናቱ ከፔርሙስ ሻይ ቀዱልኝ። "አብሽሩ እናቴ፣ ደመወዙ አይቋረጥም" አልኳቸው። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉውን እንደሚያገኝ ነገርኳቸው። ልጁ የታሸገውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ሪፖርቱን አነበብኩለት። እስክጨርስ አልጠበቀም።

"ሽቦው ተጽፏል?" አለኝ።

ወረቀቱን አዙሬ አሳየሁት።