እርሾ

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሲደብረኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ፤ መታጠቢያ ቤቱን ዘግቼ፣ ቀይ መብራቴን አብርቼ ፎቶ አጥባለሁ።

ሰሞኑን የያዘኝ ሊት የሚሉት አስተጣጠብ ነው። ወረቀቱን ከወትሮው አራት እጥፍ ብርሃን አስመታውና ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ በጣም በቀጠነ ዴቨሎፐር እነክረዋለሁ። ዴቨሎፐሩ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ነው፤ ከኤው 20 ሚሊ፣ ከቢው 20 ሚሊ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ። ለደቂቃዎች ምንም የለም። ከዚያ ጥላው ጋ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ ትላለች፤ ጎረቤቷን ታጠቁራለች፣ ያችም ሌላዋን። ልክ እንደ ወሬ ነው። ጥቁሩ በቃ ሲል ላጥ አድርጎ ማስቆሚያው ፈሳሽ ውስጥ መክተት ነው። ትንሽ ከዘገዩ አለቀ።

ዴቨሎፐሩ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። የመጀመሪያው ወረቀት 8 ደቂቃ ከፈጀ አምስተኛው 25 ሊፈጅ ይችላል። በመሃል ከሁለቱም እኩል፣ አስር አስር ሚሊ ጠብ እያደረግኩ አነቃቃዋለሁ። ግን ያ የምወደው ቡናማ የሚመጣው ከደከመው ነው፤ ትኩሱ ብቻውን ፊቱ የገረጣ ፎቶ ነው የሚሰጠኝ። ስለዚህ አልደፋውም። ግማሽ ሊትሩን በአምቦ ውሃ ጠርሙስ፣ አየር እንዳያገኘው እስከ አፉ ሞልቼ አስቀምጥና ለቀጣዩ ዙር ከግማሽ ሊትር አዲስ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ጠርሙሱ ላይ «አይጠጣም!» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጠላ ነው የሚመስለው።

እማዬ የደወለችው ወረቀቱ ሳፋው ውስጥ እያለ ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እርሾ እያስቀመጥኩ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለችኝ። ድምጿ ተለወጠ። የእሷን የመጀመሪያ እርሾ ከጎረቤት ተውሳ እንደነበር፣ ጎረቤቷም ከአማቷ እንዳመጣችው ነገረችኝ። ታዲያ የበላነው እንጀራ ሁሉ ከማን ቡሃቃ ነው የጀመረው? የኔስ ጠርሙስ? በየዙሩ ግማሹን ብቻ ካስቀረሁ፣ ከአስር ዙር በኋላ ከመጀመሪያው የሚተርፈው ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ያው ነው እያልኩ የማስቀምጠው ታዲያ ምኑን ነው?

ይህን ሳሰላ ወረቀቱ ከሰል ሆነ። የምን ፎቶ እንደነበር እንኳ አሁን ትዝ አይለኝም።

እማዬ በሚመጣ ሰው ጤፍ ልትልክልኝ ነው። ምጣድ የለኝም።