የዛፍ ክብደት ከየት ይመጣል?

ለተማሪም ሆነ ትምህርቱን ከጨረሰ ብዙ ዓመት ለሆነው ሰው ደጋግሜ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፤ ከትንሽ ዘር የበቀለ ዛፍ ያን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣው? አብዛኛው ሰው «ከአፈር» ይላል። የሚገርመው፣ እንዲህ ብለው ከሚመልሱት መካከል የፎቶሲንተሲስን፣ ማለትም ተክል በብርሃን ኃይል ምግቡን የሚሠራበትን ሂደት፣ ቀመር በቃላቸው የሚወጡ መኖራቸው ነው። በእኔ ግምት ችግሩ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና አስትሮኖሚ በየደብተራቸው ተለያይተው መቅረታቸው ነው።

አፈር አለመሆኑን በሚዛን ያሳየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የብራስልሱ ሐኪምና ኬሚስት ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ነው። አፈር በምድጃ አድርቆ 200 ፓውንድ ከመዘነ በኋላ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ አቧራ እንዳይገባበትም ገንዳውን በተበሳሳ ብረት ከደነው። የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ብቻ እያጠጣ 5 ዓመት ካሳደገው በኋላ ዛፉ 169 ፓውንድ ገደማ ሲመዝን፣ እንደገና ደርቆ ከተመዘነው አፈር የጎደለው 2 አውንስ፣ ማለትም ከ60 ግራም ያነሰ ብቻ ነበር። እሱም ክብደቱ ሁሉ ከውሃ መጣ ብሎ ደመደመ። ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ጋዝ፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን፣ ያጠናው ይኸው ሰው መሆኑን ሳስብ መልሱ ምን ያህል ቀርቦት እንደነበር ይታየኛል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ውስጥ ያለው ድርሻ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቅጠሉ ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እያስገባ፣ ካርቦኑንና ኦክስጅኑን ሥሩ ከሳበው ውሃ ሃይድሮጅን ጋር አጣምሮ ስኳር ይሠራል፤ የስኳር ሞለኪውሎችም እርስ በርስ ተያይዘው እንጨቱን የሚያቆመው ሴሉሎስ ይሆናሉ። ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ኦክስጅን፣ 6 በመቶ ገደማ ደግሞ ሃይድሮጅን ስለሆነ፣ ውሃው ተኖ የሚቀረው እንጨት በአብዛኛው ከአየር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አፈር የሚሰጠው በመጠን ትንሽ ቢሆንም ያለ እሱ አይሆንም፤ ለምሳሌ ቅጠልን አረንጓዴ በሚያደርገውና ብርሃን በሚይዘው በክሎሮፊል በእያንዳንዱ ሞለኪውል መካከል አንድ የማግኒዥየም አቶም አለ።

እዚህ ላይ መምህራንም ጭምር የሚያልፉት ነጥብ አለ፤ ተክል የሚለቀው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የተላቀቀ ሳይሆን ከውሃው የወጣ ነው። ይህንን በ1941 እ.ኤ.አ. ሩበንና ካመን የተባሉ ሳይንቲስቶች ከባድ ኦክስጅን (አቶሙ ከተለመደው የሚከብድ ኦክስጅን) የያዘ ውሃ ተጠቅመው አሳይተዋል።

ውሃን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል የሚመጣው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ፀሐይ ነው። በ15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ በሚግለው እምብርቷ የሃይድሮጅን ኒውክለሶች ተዋህደው ሂሊየም ይሆናሉ፤ በዚህ ሂደት የሚገኘው ኃይል ከፀሐይ ገጽ ብርሃን ሆኖ ከወጣ በኋላ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ተጉዞ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ካርቦኑን ግን ፀሐይ አልሠራችውም። እሷ ሂሊየምን ወደ ካርቦን መለወጥ የምትጀምረው በእምብርቷ ያለው ሃይድሮጅን ካለቀ በኋላ ስለሆነ ገና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ይቀሯታል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ካርቦን የተሠራው ፀሐይ ከመፈጠሯ በፊት በነበሩ ሌሎች ከዋክብት ውስጥ ነው።