ቀኝ ዓይኔ ፊት የተንጠለጠለው ስክሪን

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ መደርደሪያው ላይ፣ እስክሪብቶው ከጆሮዬ ጀርባ ይውላል። ዛሬ የምሠራው ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ቲልቡርግ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ መጋዘን ነው። በእስክሪብቶው ፈንታ ከጆሮዬ ጀርባ ባትሪ ተቀምጧል፤ ከእሱ የሚነሣው ክንድ ጥፍር የምታህል ስክሪን ቀኝ ዓይኔ ፊት ያቆማል፤ ስማርት መነጽር ይሉታል። «ኮሪደር 14፣ መደርደሪያ 6፣ 3 ፍሬ» ይለኛል። ሄጄ አነሣለሁ፤ የመነጽሩ ካሜራ ባርኮዱን ያነባል፤ ቀጣዩ ትእዛዝ ይመጣል። ሁለቱም እጆቼ ነጻ ናቸው። የእጅ ስካነር ተሸክሞ፣ ካርቶን በአንድ ክንድ አቅፎ የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ቴክኖሎጂው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያው ዲኤችኤል እዚሁ ደቡብ ኔዘርላንድስ፣ ቤርገን ኦፕ ዞም በሚገኝ መጋዘን ከሪኮ ኩባንያ ጋር ሞክሮት፣ በፈረንጆች 2015 መጀመሪያ ላይ ሥራው በ25 በመቶ መቀላጠፉን ይፋ አድርጓል። ያ ሙከራ የተካሄደው በ10 ሠራተኞች፣ ለሦስት ሳምንት ነበር። እኔም በሥራዬ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንት በደስታ ነው ያሳለፍኩት። ዓይኔ ማጉረምረም የጀመረው በአራተኛው ነው።

በመጀመሪያ የመጣው ከቀኝ ቅንድቤ በላይ የሚጀምር ራስ ምታት ነው። ቀጥሎ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁር ዓይን። ከዚያም የዕቃው መለያ ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዝብኝ ጀመር፤ የሚገርመው ግን ስክሪኑ ራሱ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት አላመነታችም። «ምች ነው የመታህ፤ ዳማ ከሴ እልክልሃለሁ» አለችኝ። ፀሐይ በቅጡ በማይወጣበት አገር ምች ከየት ይመጣል ብዬ ልከራከራት አልቻልኩም።

ለአለቃዬ ግን አልተናገርኩም። ኮንትራቴ ጊዜያዊ ነበር፤ ዓይኑ የታመመ ዕቃ ለቃሚ ማን ኮንትራት ያድስለታል? አፌን ያስከፈተኝ አንድ ማክሰኞ ማታ የሆነው ነው። ጋሪዬን እየገፋሁ ከኮሪደር ስወጣ ከቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ፎርክሊፍት (ዕቃ ማንሻ ተሽከርካሪ) ዕቃ የተደረደረበት ፓሌት ሲያወርድ አላየሁትም። ጥሩምባውን ሰምቼ ነው የቆምኩት። ሹፌሩ ኤርትራዊ ወዳጄ ነው፤ ወርዶ መጣና «ወንድሜ፣ ፊት ለፊትህ ነበርኩ እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ የነበረበት ቦታ ግን ስክሪኑና ክንዱ የሚሸፍኑት ቦታ ነው። ይህ የእኔ ብቻ ጉድለት እንዳልሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው፦ በፈረንጆች 2014 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት በወጣ አነስተኛ ጥናት ሦስት ጤነኛ ሰዎች ጉግል ግላስ የተባለውን የጉግል ስማርት መነጽር አድርገው ሲመረመሩ በቀኝ በላይኛው የእይታ ክፍላቸው የማያዩት ቦታ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን የሰጡት ለመሣሪያው ቅርጽ እንጂ በስክሪኑ ላይ ለሚታየው ነገር አይደለም።

በዚያ ሌሊት የድሮ ልማዴ ተነሣብኝ። የንብረት ሰው ነገር ሲጠፋበት ቆጠራ ያካሂዳል። አንድ ደብተር ገዛሁና አምዶች አሰመርኩ፦ ሰዓት፣ የሠራሁበት ክፍል፣ የሕመሙ መጠን ከ0 እስከ 5፣ ብርሃንና ነፋስ፣ የመጨረሻው አምድ ደግሞ «ምች?»። የመጨረሻውን ለእናቴ ክብር ስል ነው ያስገባሁት። በየዕረፍቱ ለአምስት ሳምንት ሞላሁት። ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ቡና ፈስሶበታል።

ደብተሩ የነገረኝ እኔ ከጠበቅሁት የተለየ ነው። ትልልቅ ካርቶን ባለበት ክፍል ስሠራ ሕመሙ ከ1 አይዘልም። መዋቢያና ጥቃቅን መለዋወጫ ወደተደረደረበት ክፍል ስዛወር ወደ 4 ይወጣል። መነጽሩ አንድ ነው፣ ስክሪኑ አንድ ነው፤ የተለወጠው የመለያው ጽሑፍ ትንሽነት ነው። ከጣሪያ ሞቃት አየር በሚነፋበት ጥግ ደግሞ መቆርቆሩ ይብሳል። ሕመሙ በማለዳ የለም፤ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ይጠፋል።

ኤርትራዊው ወዳጄም የራሱን ቆጠራ አድርጎልኛል። ሳይነግረኝ የዓይኔን እርግብግቢት ይቆጥር ኖሯል። ምሳ ላይ በደቂቃ 17 ጊዜ፣ ስክሪኑን እያየሁ ስሠራ 6 ጊዜ። ቢነግረኝ ኖሮ እያሰብኩ አርገበግብ ነበርና ቆጠራው ዋጋ አይኖረውም ነበር። ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ማርገብገብ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ የዓይን ቆብ ካልተከደነ እንባ በዓይን ላይ አይዳረስም፣ የተገለጠው ገጽ ይደርቃል። መጋዘን ውስጥ ይህ በአቧራና በሚነፍስ አየር ላይ ተደምሮ ነው የሚመጣው።

ደብተሩን ይዤ ወደ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም ወደ እይታ ምርመራ ባለሙያ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደብተሩን አገላብጣ ካየች በኋላ በሁለት እጆቼ ትንሽ ቀዳዳ ሠርቼ፣ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እንዳይ አዘዘችኝ። ከዚያ ዓይኖቼን በተራ ጨፈንኩ። ግራውን ስጨፍን ሰዓቱ ጠፋ፤ ቀኙን ስጨፍን ሰዓቱ በቦታው አለ። አንጎሌ ይበልጥ የሚመካበት መሪ ዓይኔ ግራው ነው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በቀኝ ይመራል፤ እኔ ከጥቂቶቹ ሆኜ ሳለሁ ስክሪኑ የተሰቀለው ተመሪው ዓይን ላይ ነበር። ሁለት ዓይኖች የተለያየ ነገር ሲቀርብላቸው አንጎል አንዱን ያደበዝዛል፤ በእኔም ዘንድ የሚሸነፈው ስክሪኑን የሚያየው ዓይን ስለነበር በግድ እንዲያሸንፍ ቀኑን ሙሉ ስታገለው እውል ነበር። ቅንድቤን እኮሳትራለሁ፤ ግራ ዓይኔን ሳላውቀው አጠባለሁ።

ሁለተኛው ግኝት አሳፈረኝ። 44 ዓመቴ ነው፤ የቅርብ ጽሑፍ የማንበብ አቅሜ እንደማንኛውም የዕድሜ እኩያዬ እየደከመ ነበር። ከአርባ በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ሲሄድ ቅርብ ያለን ነገር ለማየት እንደ ልብ መወፈሩ ይቀራል። ታዲያ ስክሪኑ ለምን ጥርት አለ? ስክሪኑ ከዓይኔ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅም፣ በውስጡ ያለው መስታወትና ሌንስ ምስሉን ሩቅ ያለ አስመስሎ ነው የሚያሳየው። ጉግል ስለ ግላስ ሲገልጽ ከ2.4 ሜትር ርቀት የሚታይ 25 ኢንች ስክሪን ያህል ነው ይል ነበር። እጄ ላይ ያለው መለያ ግን ከዓይኔ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። ስለዚህ በአንድ ፈረቃ ውስጥ መቶ ጊዜ ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ እመላለሳለሁ፤ የሚደክመውም ይህ ምልልስ ነው። መነጽሩን የከሰስኩበት ግማሹ ወንጀል የዕድሜዬ ነበር። ስካነር ይዤ ስሠራም ይመጣብኝ ነበር፤ ምናልባት ዘግይቶ።

ዓይኔ የማይመለስ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ጠየቅኋት። ከመልበሴ በፊት የተደረገ ምርመራ ስለሌለኝ ማነጻጸሪያ የላትም፤ የዓይኔ ጀርባ ግን ጤነኛ ነው አለች። በዚህ ነው የምቆጨው። ቢን ካርድ ሳይከፍት ዕቃ የተረከበ ንብረት ጠባቂ ማለት እኔ ነኝ።

ከአለቆች ጋር የነበረው ንግግር ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ። በስክሪን ላይ ስለሚሠሩ ሰዎች በፈረንጆች 1990 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በየጊዜው፣ ችግር ሲሰማውም የዓይን ምርመራ የማግኘት መብት አለው ይላል። ይኸው መመሪያ ግን ለረጅም ጊዜ የማይሠራባቸውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። የሰው ኃይል ክፍሉ «ይህ ተንቀሳቃሽ ነው» አለኝ። መንቀሳቀሱማ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ላይ ተሰክቶ ስምንት ሰዓት ነው የሚንቀሳቀሰው! ክርክሩን በዚያ ትቼ ወደ ድርጅቱ ሐኪም ሄድኩ። በኔዘርላንድስ ሕግ ከፈረንጆች 2017 ወዲህ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሳይወጣ፣ አለቃውንም ሳያስፈቅድ ይህን ሐኪም ማማከር ይችላል። ሥራዬን እንዳላጣ የፈራሁበት በር ይህን ያህል ክፍት መሆኑን ሦስት ወር ሙሉ አላወቅሁም ነበር።

የተለወጠው ጥቂት ነው። የእኛ መሣሪያ በግራም በቀኝም ሊገጠም የሚችል ዓይነት ስለሆነ ክንዱን ወደ ግራ አዞሩልኝ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑን ቀጥታ ዓይኔ ፊት ሳይሆን ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩት፤ ሳልፈልገው እንዳይጋርደኝ፣ ስፈልገው ወደ ታች እንዳየው። ብርሃኑን ቀነስኩ። ለቅርብ የሚሆን ሌንስ ያለው የደኅንነት መነጽር ተሰጠኝ። በመነጽሩ ሁለት ሰዓት ከሠራሁ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በእጅ ስካነር እሠራለሁ፤ ይህን ለማስፈቀድ ነው ብዙ የተለመነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት ይቀንሳል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ማየት የሚለው የታወቀው ምክር መጋዘን ውስጥ ቀላል ነው፤ ኮሪደሩ ረጅም ነውና ቀና ማለት ይበቃል። ሰው ሠራሽ እንባ ከኪሴ አይጠፋም።

በስድስተኛው ሳምንት ሕመሙ ከ2 አልፎ አያውቅም። ወደ ግራ መዞሩ ግን የማይታየኝን ቦታ አላጠፋውም፤ ወደ ግራ አዛወረው እንጂ። አሁን ከኮሪደር ስወጣ አንገቴን ወደ ግራ አዞራለሁ፤ ፎርክሊፍት የሚያልፍበት መገናኛ ላይ ስደርስ ደግሞ ክንዱን ከፍ አድርጌ ከዓይኔ አርቀዋለሁ። ለዚህ ማንም መመሪያ አልጻፈም፤ መጻፍ ነበረበት።

ባለፈው ወር የፈረቃ ኃላፊው አዲስ ሠራተኞች ከመጀመሪያው ቀን እንዲሞሉት ደብተሬን ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ ተዋሰኝ። የአምዶቹን ስም በደችኛ ጻፍኩለት። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱን «ምች?» በሚለው ላይ አስቀምጦ ይህ ምን ይለካል አለኝ። የእናቴ አስተያየት ነው አልኩት። አምዱን ሳያወጣ ኮፒ አደረገው።