ጻድቃኔ ማርያም ሰው ሰጠችኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ከዳንኩ እመሰክራለሁ» ብዬ ለጻድቃኔ ማርያም ተስዬ ነበር።

የአጣዬ ልጅ ነኝ። ሚያዝያ 2013 ከተማችን ስትቃጠል የኛም ቤት አብሮ ነደደ። 11ኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬ፣ ዩኒፎርሜ፣ የእናቴ ሱቅ፣ ምኑ ቅጡ። ነፍሳችንን ይዘን ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ገባን። እኛ የቆላ ሰዎች ነን፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ትምህርት ቀጠልኩ፣ ግን ጭንቅላቴ አልነበረም። በር ድው ሲል እዘላለሁ። መጽሐፍ ገልጬ አንዱ መስመር ላይ ፈዝዤ እቀራለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። እናቴ በ21 ጻድቃኔ ወስዳኝ ተጠመቅኩ። «እመቤቴ፣ ቤቱ ይቅር፣ ልቤን መልሺልኝ» ብቻ ነበር ያልኳት።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የክፍሌ ልጅ ጠጋ ብላ «ከኛ ጋ ለምን አታጠኚም?» አለችኝ። ምን ደረሰብሽ ብላ አልጠየቀችኝም፣ እሱ ነው ያስጠጋኝ። (አዛኝ ነኝ እያለ ቁስል የሚነካካ ሰው አለ፣ እባካችሁ ተዉ።) እነሱ ቤት ተሰብስበን እናጠናለን፣ እናቷ ቆሎ ቆልተው ያቀርቡልናል፣ ሲመሽ ጋቢ ያለብሱኛል፣ እኔም ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመርኩ።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ የተፈናቀለ ልጅ ክፍላችን መጣ። በር ሲንኳኳ ሲደነግጥ አየሁትና ገባኝ። «ና ከኛ ጋ አጥና» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያቺ አፍ አውጥታ መናገር የማትችለው እኔ! እሱን ሒሳብ ሳስረዳ ውዬ ማታ ለሽ ብዬ ተኛሁ፣ ጠዋት እናቴ ናት የቀሰቀሰችኝ፣ እሷም አላመነችም።

ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ውጤት ሲወጣ ከመላው ሀገር ግማሽ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኔ አልነበርኩበትም። ጓደኞቼ ግን ሪሚዲያል (ግማሽ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ገብቼ እስካልፍ ድረስ በስልክ እየደወሉ አልለቀቁኝም። አለፍኩ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ በመጀመሪያው ነው ያለፈው፣ ይኸው እስካሁን ይፎክርብኛል።

እመብርሃን ክብር ምስጋና ይግባት። እናቴ ሱቋን መልሳ ከፍታለች፣ ግን አሁንም ኮሽ ሲል ትባንናለች፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።