ለውቅያኖስ ውድድር ስዘጋጅ

ዛሬ በደቡብ እንግሊዝ ባለችው የወደብ ከተማ በጎስፖርት ስልጠና ላይ ዋልኩ። ለክሊፐር የዓለም ዙሪያ የሸራ ጀልባ ውድድር እየተዘጋጀሁ ነው። የውድድሩ መሥራች ሰር ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ብቻቸውን፣ የትም ሳያርፉ ዓለምን በጀልባ የዞሩ የመጀመሪያው ሰው። የውድድሩ ሙሉ ጉዞ ወደ 40,000 የባሕር ማይል ነው። እኔ የምሄደው አንዱን ምዕራፍ ብቻ ነው። ልጆቼን ዓመት ሙሉ ትቼ መሄድ አልችልም፣ አልፈልግምም።

ቀድሞ ባሕረኛ መሆን አይጠበቅም። አራቱን የስልጠና ደረጃዎች ማለፍ ግን ግዴታ ነው።

ዛሬ የተለማመድነው ሰው ከጀልባ ሲወድቅ የሚደረገውን ነበር። ሰው የሚመስል አሻንጉሊት ባሕር ላይ ይጣላል። አንድ ሰው ጣቱን ወደዚያ ቀስሮ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይቆማል። ሌላ ሥራ የለውም። ማዕበል መሃል የሰው ጭንቅላት በቅጽበት ከእይታ ይሰወራልና። ጠቋሚዋ እኔ ነበርኩ። ክንዴ ዛለ፤ አሻንጉሊቱ ከባሕር እስኪወጣ ድረስ ግን አላወረድኩትም። እንዲህ ያለ ኃላፊነት ደስ ይለኛል።

ማታ ልጄ ደውላ "እማዬ፣ አንቺ ብትወድቂስ?" አለችኝ። በቪዲዮ የደህንነት ገመዴን አሳየኋት። ሌሊትና አየሩ ሲከፋ ከጀልባው ጋር ታስሬ እንደምሠራ ነገርኳት። ገመዱን ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደጋግሜ አሳየኋት።