አያቴን ፍለጋ ኦክላሆማ ድረስ

አያቴ በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ ውስጥ የሉም። ሊኖሩም አይችሉም። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ያረፉት በ1969።

ቢደርሱበት ኖሮም ለኔ ብዙ የሚፈይደው ነገር የለም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 የተደረጉት ሦስቱም ቆጠራዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰቡን መዝግበዋል፤ ለሕዝብ የሚወጣው ግን ድምሩ ብቻ ነው። የ1987ቱ ጅማ ከተማ 88,867 ሰው አላት ይላል። የ1999ኙ 120,960። ስንቱ ወንድ፣ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል ታገኛላችሁ። እገሌ የእገሌ ልጅ ነው፣ እዚህ ቤት ይኖር ነበር የሚለውን አታገኙም። ሕጉ የግለሰብ መረጃ ምስጢር ነው፣ ለስታቲስቲክስ ሥራ ብቻ ይውላል ይላል።

በሕጉ አልከፋም። ሰው ለቆጣሪ እውነቱን የሚናገረው ነገ ግብር ሰብሳቢ ወይም ጎረቤት እንደማያነበው ካመነ ነው። የሚከፋኝ ምስጢሩ ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። አሜሪካኖች ምስጢሩን 72 ዓመት ይጠብቁታል፤ ከዚያ ለማንም ይከፍቱታል። ካናዳ 92 ዓመት ትጠብቃለች፣ እንግሊዝ 100። የ1976ቱን ቆጠራ በአሜሪካኖቹ ልክ ብንለካው በ2048 ይከፈት ነበር። የልጅ ልጆቻችን ይደርሱበታል ማለት ነው።

እኔ ግን 2048ን መጠበቅ አልፈለግኩም። አክስቴ ዕድሜዋ ገፍቷል። አያቴ ከየት እንደመጡ የምታውቀው «ከሸዋ» የሚለውን ብቻ ነው። ሸዋ ደግሞ ሰፊ ነው። ለምን ትዝ እንዳለኝ ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ ሥራ የለሽም?» አለችኝ። ቢሆንም ሳጥኗን ከፈተችልኝ። ከሳጥኑ የወጣው አንድ ፎቶ ነው። አያቴ ካኪ ለብሰው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ረጅም ፈረንጅ አለ። ከጀርባው በእንግሊዝኛ የፈረንጁ ስም ተጽፏል። የአያቴ ስም የለም።

አያቴ የሠሩት እርሻ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ የሆነው ግቢ ማለቴ ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ የዱሮ ሰዎች ፖይንት ፎር በሚሉት የአሜሪካ እርዳታ የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ መምህራን ልኮለት ነበር። ያ ኮሌጅ አሁን ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። አያቴ የመጋዘን ያዥ ነበሩ። ፈረንጁ አለቃቸው ሳይሆን አይቀርም ብዬ ገመትኩ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ዓመተ ምሕረቱን ሳየው ነው። እነዚህ ሰዎች ጅማ የገቡት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ነው። አሜሪካ ሕዝቧን የቆጠረችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1950 ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው አገራቸው ላይ ተቆጥረዋል። ያ ቆጠራ ደግሞ 72 ዓመቱን ጨርሶ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ተከፍቷል። የአያቴን መዝገብ ባላገኝ ከጎናቸው የቆመውን ሰው መዝገብ ላገኝ እችላለሁ።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለ1950ው ቆጠራ ብቻ ብሎ የከፈተው ድረ ገጽ አለ። ክፍያ የለውም። የቆጣሪዎቹን የእጅ ጽሑፍ ገጽ በገጽ እንዳለ ታዩታላችሁ። ስሞቹን ያነበበው መጀመሪያ ኮምፒውተር ነው፤ የድሮ ቅጥልጥል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ ለሰውም ያስቸግራል። ስለዚህ ስም ስትፈልጉ በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ። ሌላም ነገር አለ። ቆጣሪው የቤቱን አባወራ ስም ሙሉውን ይጽፋል፤ ሚስትና ልጆች የአባወራው የቤተሰብ ስም ካላቸው በስሙ ቦታ ሰረዝ ያሰምርና የራሳቸውን ስም ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ ሚስትየዋን በሙሉ ስሟ መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል። አባወራውን ያዙ፤ የቀረው ከሥሩ ተደርድሯል።

ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽም አለ። አካውንት ከመክፈት በቀር ገንዘብ አይጠይቅም። የ1950ውን ስሞች በጎ ፈቃደኞች ቁጭ ብለው አርመውታል፤ ለኔ ፍለጋ ከቤተ መዛግብቱ ገጽ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። አንሰስትሪ የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ በአብዛኛው ይከፈልበታል። በጅማ ኔት ለምትሠሩ አንድ ምክር፦ ምስሎቹ ከባድ ናቸው። ገጹ ሲከፈት ወዲያው ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና መጫን ዳታ ይበላል።

ስሙ በኦክላሆማ ውስጥ ለብዙ ሰው የሚሆን ነበር። ያጣራሁት በቦታና በሥራ ነው። ኮሌጁ ያለው ስቲልዋተር ከተማ፣ ፔይን ካውንቲ ውስጥ ነው። ስም አልይዝ ሲል አካባቢውን መርጦ የቆጠራ ቀጠናዎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ይቻላል። ቅጹ ዕድሜ፣ የትውልድ ግዛት፣ ሥራና የሚሠሩበትን ድርጅት ዓይነት ይጠይቃል። በመጨረሻ አንድ ቤት ላይ «መምህር» እና «ኮሌጅ» የሚል ሰው አገኘሁ፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ትልቋ ልጅ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሥራውን ትቼ ጮህኩ። አክስቴ «ምን ሆንሽ?» ብላ ከጓዳ መጣች። ሰውየውን ሳይሆን የሰውየውን ቤት በማግኘቴ መደሰቴ አልገባትም።

ቤቱ ግን ቁልፍ ነው። አባት ከጅማ ሲመለስ ምን እንዳደረገ ቆጠራው አይነግረኝም። ልጆቹ ግን ስምና ዕድሜ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲሞት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የሐዘን ማስታወቂያ ቤተሰቡን በስም ይዘረዝራል፤ ያገባችው ሴት ልጅ በአዲሱ የቤተሰብ ስሟ ትጻፋለች። የአባትየውን ማስታወቂያ አገኘሁ። በኢትዮጵያ ማስተማሩም ተጠቅሷል። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሴት ናት፣ የአክስቴ ዕድሜ ላይ ያለች።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የ1950ው መዝገብ ይፋ ሆነ ማለት በውስጡ ያሉት ሁሉ ሞተዋል ማለት አይደለም። ያኔ ሕፃን የነበሩ ዛሬም አሉ። የማያውቁት ሰው ከሩቅ አገር «አራት ዓመትሽ ሳለ የት ትኖሪ እንደነበር አውቃለሁ» ሲላቸው ደስ አይላቸውም፤ አጭበርባሪም ይመስላል። ስለዚህ ቆጠራውን አላነሳሁም። የፎቶውን ቅጂ ልኬ ይህ ሰው አባትሽ ከሆነ ከጎኑ ያሉት አያቴ ናቸው፣ ስለሳቸው የተጻፈ ነገር ካለሽ ብታካፍይኝ ደስ ይለኛል አልኳት። ገንዘብ የሚባል ነገር ጭራሽ አላነሳሁም። መልሷ ቶሎ አልመጣም።

እስኪመጣ እዚሁ ጅማ ያለውን ወረቀት ማሰባሰብ ያዝኩ። ብዙ ሰው የማያስበው የቀበሌ ቤት ፋይል አለ። አያቴ ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ ውሉ በሳቸው ስም ከቀበሌ ጋር ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ወደ አያቴ ሚስት ዞረ። ፋይሉ ውስጥ የቤተሰብ ብዛትና የልጆች ስም ተጽፏል። አንድ የሞተች አክስት እንደነበረችኝ ያወቅኩት ከዚያ ነው። ቤተሰባችን ስለ እሷ አውርቶ አያውቅም።

የቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብም ረድቶኛል። የልጆቹ ክርስትና አባት ማን እንደሆነ ይጽፋል። የክርስትና አባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያገር ልጅ ነው። ስትጠይቁ የልጁን የክርስትና ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝገቡ በቤት ስም አያውቃችሁም። የእድር መዝገብ ማን መቼ እንደተቀበረ ያሳያል፤ ጸሐፊው በትዕግሥት ካገላበጠላችሁ። በነገራችን ላይ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ላለው ልደትና ሞት ከእነዚህ መዝገቦች የተሻለ የለንም።

ወረቀት ያልነገረኝን የነገሩኝ ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ «አያትሽ መጋዘኑን ሲዘጉ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ይስቡ ነበር» አሉኝ። ከዚያም የክርስትና አባትየውን ስም ስነግራቸው ሳቁ። «እሱማ የመርሐ ቤቴ ሰው ነው፣ አያትሽን ያመጣው እሱ ነው» አሉ። መርሐ ቤቴ ሰሜን ሸዋ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ሆነ። የአንድ ሰው ትዝታ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብዬ ጻፍኩትና አስቀመጥኩት።

የአሜሪካዊቷ መልስ የመጣው ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። አባቷ ከጅማ ለእናቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። ከአንዱ ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሰውየው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ቡናው ያማርራል፣ ያደንቃል። ከታች ደግሞ የመጋዘኑ ሰው ለፋሲካ አገሩ ለመሄድ ፈቃድ እንደጠየቀና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ቀን እንደጨመረለት ይጽፋል። የአገሩን ስም በጆሮው እንደሰማው ጽፎታል። ጮክ ብዬ ሳነበው መርሐ ቤቴ ነው። የአያቴም ስም አለ፣ ከነአባታቸው።

ሁለት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ምንጮች አንድ ነገር ሲሉ ልብ ይረጋጋል። ሐጂ ደብዳቤውን አላዩም፤ አሜሪካዊው የክርስትና መዝገቡን አያውቅም። ሰው «የዘር ሐረጌን አገኘሁ» ሲለኝ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ስንት ቦታ አገኘኸው?

ለአክስቴ ስነግራት ብዙ አልተገረመችም። «መርሐ ቤቴ! እኔም አንዴ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም ስላት «መቼ ጠየቅሽኝ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ «ከየት ነው የመጡት?» ነበር ያልኳት። «ለበዓል የት ይሄዱ ነበር?» ብላት ኖሮ ምናልባት ይመጣላት ነበር። አሁን ሽማግሌ ስጠይቅ ስለ ዘር አልጀምርም። ስለ በዓል፣ ስለ መንገድ፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ስንቅ እጠይቃለሁ።

አሜሪካዊቷም በተራዋ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። ልጅ ሆና የኖረችበት የግቢ ቤት አሁንም ካለ ፎቶ እንድልክላት። ግቢ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እስከዚያ ግን በመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ወይም በዙሪያዋ ቤተሰብ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከጣሊያን በኋላ ወደ ጅማ ስለወረዱ ሰዎች የሚያወሩ ሽማግሌዎች እንዳሉ ጠይቁልኝ። ክረምቱ ሲወጣ እኔም ልሄድ አስቤያለሁ፤ አክስቴ ደግሞ ያለ እኔ አትሄጂም ብላለች።